የወለቃ እደ ጥበብ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች የሚጓዝ ሰው ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ወለቃን ያገኛል። በዚህች መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች እንስራና ጀበና ይሠሩ ነበር። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ እንዳዘዙ ይነገራል፤ መሬት የተነፈገው ሕዝብ በሸክላና በብረት ሥራ ኖረ። ገበሬው በሠሩለት ማረሻ እያረሰ፣ በሠሩለት ድስት እየበላ፣ ሠሪዎቹን «ቡዳ» ብሎ ሸሻቸው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ጎብኚ ሲበዛ ያው ጭቃ ትንንሽ ምስሎች ወጡት፦ አንበሳ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ እናትና ልጅ። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች በሱዳን በኩል ወጡ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ምስሎቹን መሥራት የቀጠሉት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ትናንት ሠሪውን ያስናቀ ሙያ ለናቂው ልጅ እንጀራ ሆነ።