ድምፅን መሣሪያ ያስቀምጣል፤ ስምንስ?

ፊደል ቆጥራችሁ ገና ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ የዛሬው ወጋችን ስለ ዘፈንና ስለ ድምፅ ነው። በሬዲዮ ሲነገር ያመለጣችሁ ቃል ካለ አይዟችሁ። አሁን በጽሑፍ ይዛችሁታል፤ ቀስ እያላችሁ አንብቡት። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። በብዙዎቻችን ቤት፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከሣጥን ውስጥ፣ የቆዩ ካሴቶች አሉ። የሠርግ ዘፈን የተቀዳባቸው አሉ። የአባት ቀረርቶ፣ የእናት እንጉርጉሮ የተቀዳባቸውም አሉ። ታዲያ በካሴቱ ውስጥ የሚዘፍነው ማን ነው? የት ነው የተቀዳው? መቼ? ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ድምፁ አለ፤ ስሙ ግን የለም። ይህ እንዴት ሆነ? ለማወቅ ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

በጥንት ጊዜ ዘፈን የሚቀመጠው በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ነበር። አዝማሪው ከአባቱ ሰምቶ ለልጁ ያስተላልፋል። ሴቶች ወፍጮ ሲፈጩ ያንጎራጉራሉ፤ እረኛው በዋሽንቱ ያዜማል። የሰማው ሰው ካስታወሰው ዘፈኑ ይኖራል። ካላስታወሰው ግን ይጠፋል። እንግዲህ ስንት ዘፈን ከባለቤቱ ጋር መቃብር እንደገባ ማን ቆጠረው?

በ1870 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር ቶማስ ኤዲሰን የተባለ ሰው አንድ አዲስ መሣሪያ ሠራ። ስሙ ፎኖግራፍ ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከበሮ ሲመታ ቆዳው ይርገበገባል አይደለም? የሰው ድምፅም እንዲሁ ነው። አንድ ስስ ነገር ፊት ሆነን ስንናገር ያ ስስ ነገር ይርገበገባል። ኤዲሰን በዚያ በሚርገበገበው ነገር ላይ መርፌ አያያዘ። መርፌው የሚነካው ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ቆርቆሮ የተጠቀለለበት፣ የሚሽከረከር በርሜል መሰል ነገር ነው። ሰው ሲናገር መርፌው ቆርቆሮውን እየጫረ ምልክት ይተዋል። መርፌው በዚያው ምልክት ላይ እንደገና ሲሄድ ድምፁ ተመልሶ ይሰማል። በኋላ በቆርቆሮው ፈንታ ሰም መጣ። ድምፅ በሰም ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

ይህ መሣሪያ ወደ አገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክት ላኩ። መልእክቱ እንደ ወትሮው በወረቀት ብቻ አልነበረም፤ በገዛ ድምፃቸው በሰም ላይ የተቀዳ ነበር። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በ1891 ዓ.ም. መልሳቸውን በድምፃቸው ቀድተው ላኩ። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ እስከ ዛሬ አለ፤ በለንደን ከተማ በትልቁ የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ድምፁ እንደ ሩቅ ዝናብ ይንሿሿል፤ ቢሆንም ይሰማል።

የቪክቶሪያስ ድምፅ የት ደረሰ? ንግሥቲቱ መልእክቱ ከተሰማ በኋላ የተቀዳበት ሰም እንዲጠፋ አዘው ነበር። እንደ ትእዛዛቸውም ጠፋ። ይሁን እንጂ ምን ብለው እንደላኩ ዛሬም እናውቃለን። እንዴት? ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ስለነበረ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መሣሪያው የያዘው ጠፋ፤ ብዕር የያዘው ተረፈ። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅም የማን እንደሆነ የምናውቀው ስማቸውና ዘመኑ አብሮ ስለተመዘገበ ነው። ያለዚያ ማን እንደሆነ የማይታወቅ የሰው ድምፅ ሆኖ በቀረ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ሸክላ ነው። ኤሚል በርሊነር የተባለ፣ ጀርመን አገር ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ሰው፣ በ1880 ዓ.ም. ድምፅን በበርሜል ሳይሆን እንደ ሰፌድ በተዘረጋ ክብ ነገር ላይ ማስቀመጥ ቻለ። ማጫወቻውም ግራሞፎን ተባለ። ክቡን ነገር ሕዝባችን ሸክላ ይለዋል። እውነትም የድሮው ሸክላ ከእጅ ከወደቀ እንደ ጀበና ይሰበር ነበር።

ከኢትዮጵያውያን መካከል ዘፈናቸውን ቀድመው በሸክላ ያስቀዱት ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በኋላ ነጋድራስ ተብለዋል። አፄ ምኒልክ ስለ አውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። እሳቸውም በ1900 ዓ.ም. ገደማ እዚያው ሳሉ ዘፈናቸውን አስቀዱ። ለመኪና ሄደው ዘፈን አስቀርተው ተመለሱ ማለት ነው። ዛሬ ድምፃቸውን የምንሰማው በዚያ ሸክላ ምክንያት ነው።

መሣሪያ ግን ሲሰጥ ይወስዳል። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ደቂቃ 78 ጊዜ ያህል ይዞራል። በአንድ ፊቱ የሚይዘውም የሦስት ደቂቃ ያህል ዘፈን ብቻ ነው። የኛ አዝማሪ በሠርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ተመልካቹን እያየ ግጥም ይጨምራል፤ ሰውን ያወድሳል፤ ሲፈልግም በነገር ይወጋል። ይህ ሁሉ በሦስት ደቂቃ አይገባም። ስለዚህ ሸክላ ዘፈኑን ቢያስቀምጥም አሳጠረው።

በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ሬዲዮ በአገራችን ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ ሬዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በኋላ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ሲመጣ ገበሬውም እርሻው ዳር፣ ነጋዴውም ሱቁ ውስጥ ማዳመጥ ቻለ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ሬዲዮ አንዱ ረዳት ነበር። ይሁንና የሬዲዮ ድምፅ እንደ ነፋስ ነው። ካልቀዱት ያልፋል።

ስለ ሸክላ ሌላም ታሪክ አለ። በ1940 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ለብዙ ዓመታት ግለሰብ ነጋዴ ደፍሮ አልገባበትም። በ1961 ዓ.ም. ገደማ ግን አቶ አምኃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ሙዚቃ ቤት ነበራቸውና፣ የሚመጣውን ልቀበል ብለው የዘመኑን ዘፋኞች ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። በመጀመሪያ ካሳተሟቸው መካከል ዓለማየሁ እሸቴ ይገኛል። ሸክላው በውጭ አገር እየታተመ ይመጣ ነበር። አቶ አምኃ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ።

እነዚህ ሸክላዎች በመካከላቸው ክብ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። በወረቀቱ ላይ የዘፋኙ ስምና የዘፈኑ ርእስ ተጽፏል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ትንሽ አይደለም። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እነዚያን የቆዩ ዘፈኖች አሰባስቦ ኢትዮፒክስ በሚል ስም እንደገና እንዲታተሙ አደረገ። ዓለምም የነማሕሙድ አሕመድን ድምፅ ሰማ። በሸክላው ላይ ስም ባይጻፍ ኖሮ ያ ሥራ ምንኛ በከበደ!

አሁን ወደ ካሴት እንምጣ። ካሴትን በ1955 ዓ.ም. ለዓለም ያቀረበው የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ነው። በካሴት ውስጥ ያለው ጥብጣብ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ የብረት ዝገት ዱቄት ተቀብቶበታል። መቅጃው ድምፁን ወደ ማግኔት ኃይል ለውጦ በዱቄቱ ላይ ያሳርፈዋል። ጥብጣቡ እንደገና ሲያልፍ ያ ኃይል ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። የ60 እና የ90 ደቂቃ ካሴት ነበረ። የአዝማሪው ሌሊት ሙሉ ባይገባበትም ከሸክላው ይሻላል።

ካሴት ትልቅ ለውጥ አመጣ። ሸክላ ለማስቀዳት ገንዘብና ፋብሪካ ያስፈልጋል። ካሴት ግን ቴፕ ያለው ሁሉ ይቀዳበታል። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሰዓት እላፊ ስለነበረ፣ ማታ ወጥቶ ሙዚቃ መስማት ሲያስቸግር ካሴት ሙዚቃን ወደ ቤት አስገባው። ሰው የራሱን ሠርግ ቀዳ፤ የአያቱን ተረት ቀዳ። መጻፍ የማይችል እናት ለልጇ በካሴት ተናግራ ወደ ውጭ አገር ላከች። ልጇም በካሴት መለሰላት። የተራው ሰው ድምፅም እንደ ንጉሥ ድምፅ ተቀዳ።

ነገር ግን ካሴት ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው፣ በላዩ ሌላ ነገር ሲቀዳበት የፊተኛው ይጠፋል። ስንት የአያት ምርቃት በአዲስ ዘፈን ተሸፈነ! ሁለተኛው፣ ስም ሳይጻፍበት መቅረቱ ነው። ጥብጣቡ ሲላላ ሁላችንም በእርሳስ እያጠነጠንን እናስተካክለው ነበር። እርሳሱ በእጃችን ነበረ። ግን አጠንጥነንበት አስቀመጥነው እንጂ ብዙዎቻችን አልጻፍንበትም።

ከማስተምራቸው ጎልማሶች መካከል ያሉ አንዲት እናት በአንድ ወቅት ካሴት ይዘው ክፍል መጡ። በወንድማቸው ሠርግ የተቀዳ ነው። ቴፕ ተውሰን ከፈትነው። ሦስት ሴቶች እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ።

«ይቺ እናቴ ናት፤ ነፍሷን ይማረው» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ይቺ ደግሞ አክስቴ ናት» አሉ።

«ሦስተኛዋስ?» አልኳቸው።

ደጋግመው ሰሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷን የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል፣ መምህር።»

ድምፅዋ ከሦስቱ የሚልቅ፣ የሚያምር ነበር። ማን እንደሆነች ግን አይታወቅም። እኒያ እናት ወረቀት ቆርጠው መጻፍ ጀመሩ። ከደብተራቸው ውጪ ሲጽፉ ያ የመጀመሪያቸው ነው። «የሠርግ ‹ሠ› የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በንጉሡ ‹ሠ› ቢጻፍም በእሳቱ ‹ሰ› ቢጻፍም አንባቢ ያውቀዋል አልኳቸው። የእናታቸውን ስም፣ የአክስታቸውን ስም፣ የቀበሌውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። በመጨረሻም «ሦስተኛዋን አላወቅኋትም» ብለው ጨመሩ። ወረቀቱን በካሴቱ ቤት ውስጥ ከተው ወሰዱት። የማያውቁትንም መጻፋቸው ትልቅ ነገር ነው። ምናልባት አንድ ቀን የሚያውቃት ሰው ያነበው ይሆናል።

አድማጮች፣ ዛሬ ድምፅ የሚቀዳው በእጅ ስልክ ነው። ካሴት ማጫወቻ ከገበያ እየጠፋ ነው። ካሴቱም እርጥበትና ሻጋታ እየበላው ነው። ከሁሉ በላይ ግን ድምፁን ለይተው የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ናቸው። ስልክም ቢሆን ያው ነው። የቀዳበትን ቀንና ሰዓት በራሱ ይመዘግብ ይሆናል፤ የዘፈነችው እናትህ መሆኗን ግን ካልነገርከው አያውቅም።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። መሣሪያው ሲመጣ ቃልም የሚወረስ መሰለን። አዎ፣ ድምፁ ይወረሳል። ወራሹ ግን ከማን እንደወረሰ የሚያውቀው ሲጻፍለት ነው። የንጉሡንና የዘፋኙን ስም የሚጽፍ ሌላ ሰው አለ። የእናታችሁን ስም የሚጽፍላት ግን ከናንተ በቀር ማንም የለም። ፊደል የቆጠራችሁበት አንዱ ጥቅም ይኸው ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት ቀላል የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። በቤታችሁ ካለው ካሴት አንዱን አውጡ። ካሴት የሌላችሁ በስልክ የቀዳችሁትን፣ ወይም ከአንድ ሽማግሌ አፍ የምትሰሙትን ዘፈን ያዙ። ከዚያ በቁራጭ ወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ።

አንደኛ፣ የሚዘፍነው ወይም የሚናገረው ማን ነው?
ሁለተኛ፣ የት አገር፣ የትኛው ቀበሌ?
ሦስተኛ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት?
አራተኛ፣ በምን ምክንያት? ሠርግ ነው? ልቅሶ ነው? ዓመት በዓል ነው?
አምስተኛ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው?

አምስተኛውን አትርሱ። የናንተ ስም ነው። የማታውቁትን «አላወቅሁም» ብላችሁ ጻፉ፤ ያወቃችሁትን ግን ዛሬውኑ ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ በቤት ያሉትን ታላቅ ሰው ጠይቁ። ለነገ አትበሉ።

በሉ እንግዲህ፣ በሌላ ወግ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።