የጎደለችው ጭረት፦ ከሊኑክስ ከርነል የእርማት ታሪክ

በኖቬምበር 2003 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማንነቱ እስከ ዛሬ በይፋ ያልታወቀ ሰው የሊኑክስ ከርነል ኮድ ቅጂ ወደሚቀመጥበት አንድ አገልጋይ ኮምፒውተር ሰርጎ ገብቶ ሁለት መስመር ጨመረበት። መስመሮቹ ሲታዩ ተራ የጥንቃቄ ፍተሻ ይመስላሉ፤ አንድ ፕሮግራም ሁለት አማራጮችን በአንድነት ጠይቆ እንደሆነ፣ የጠያቂውም መለያ ቁጥር ዜሮ እንደሆነ የሚያጣሩ ይመስላሉ። ኮዱ በተጻፈበት በሲ ቋንቋ ግን ሁለት የእኩል ምልክቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ «እኩል ነውን?» ብሎ መጠየቅ ሲሆን፣ አንዱ ምልክት ብቻውን ሲቆም «እኩል ይሁን!» ብሎ ማዘዝ ነው። ሰርጎ ገቡ የጻፈው አንዱን ብቻ ነበር። በሊኑክስ ዘንድ ደግሞ ዜሮ የባለሙሉ ሥልጣኑ መለያ ቁጥር ነው። እንግዲህ ጥያቄ መስሎ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር በእውነቱ የሹመት ደብዳቤ ነበር፤ ምስጢሩን የሚያውቅ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ያንን ጥሪ ባቀረበ ጊዜ በኮምፒውተሩ ላይ ይነግሣል ማለት ነው።

ሴራው የተያዘው ግን ምልክቷን አንብቦ ባስተዋለ ሊቅ አልነበረም። ዋናው የኮዱ መዝገብ በሌላ ቦታ፣ ቢትኪፐር በተባለ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ የተነካው ቅጂው ብቻ ነው። ቅጂው ከዋናው ጋር ሲመሳከር አንድ ለውጥ ከየት እንደ መጣ የሚያመለክት ማጣቀሻ የሌለው ሆኖ ተገኘ። የቢትኪፐር ባለቤት ላሪ ማክቮይ ይህንኑ አስታወቀ፤ መስመሮቹ ምን እንደሚሠሩ የተመረመረው ከዚያ በኋላ ነው። በሰነድ ጥናት ለሠለጠነ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሐሰተኛ ሰነድ ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው በይዘቱ ሳይሆን በመጣበት መንገድ ነው።

የዘወትር አንባቢዎቼ «ፖለቲካውን ትተህ ወደ ኮምፒውተር ገባህን?» ሊሉኝ ይችላሉ። ይህ ጸሐፊ መሐንዲስ አይደለም፤ የታሪክ መምህር ነው። ዳሩ ግን ስለ ሥልጣን፣ ስለ ምስጢርና ስለ መዝገብ እዚህ ገጽ ላይ ስንከራከርባቸው የኖርናቸው ጉዳዮች እንደዚህ ራቁታቸውን የሚታዩበት ሌላ የዘመናችን ታሪክ አላውቅም። ከዚህም በላይ ከርነል የምንለው፣ በማሽኑና በፕሮግራሞቹ መካከል ቆሞ ማን ማኅደረ ትውስታውን ይነካል፣ ማን ይጠብቃል፣ ማን ይቀድማል የሚለውን የሚወስነው ክፍል፣ ዛሬ ከመርካቶ ነጋዴ እስከ ጅዳ የቤት ሠራተኛ ድረስ በእያንዳንዱ የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ የሚገኘው ይኸው ሊኑክስ ነው።

አጀማመሩ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። በኦገስት 1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ ለትርፍ ጊዜው የሚሠራው አነስተኛ ሥርዓት እንዳለው አስታወቀ፤ በሚቀጥለው ወር ያወጣው የመጀመሪያ ቅጂ 10,000 መስመር ያህል ነበረው። በ1992 ፈቃዱን ወደ ጂፒኤል ለወጠ፤ ማንም ኮዱን ሊያነብ፣ ሊያርም፣ አሻሽሎም በዚያው ውል ሊያከፋፍል ይችላል ማለት ነው። በ1994 ቅጂ 1.0 ሲወጣ መስመሮቹ ከ170,000 በላይ ሆነው ነበር።

በ1997 ኤሪክ ሬይመንድ የተባለው ጸሐፊ ይህን አሠራር ሲያብራራ፣ የሚመለከቱት ዐይኖች ከበዙ የሚደበቅ ግድፈት አይኖርም የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ስሙንም የሊኑስ ሕግ አለው። ሐሳቡ እጅግ ተወደደ። እኔ ግን ታሪኩ ራሱ ይህን «ሕግ» በግማሽ ብቻ ይደግፈዋል ባይ ነኝ። ክፍት በር ማለት ሰው ገባ ማለት አይደለምና።

የዐይን ነገር ከተነሣ በ2000 የተነሣውን ክርክር ማንሣት ይገባል። ዲበገር የሚባለው መሣሪያ ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ቀጥ አድርጎ ሆድ ዕቃውን ለመመርመር ያስችላል። በርካታ ገንቢዎች ይህ መሣሪያ ከከርነሉ ጋር እንዲዋሐድ ጠየቁ። ቶርቫልድስ አሻፈረኝ አለ። ክርክሩ ባጭሩ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ምልክቱን አክሞ ሕመሙን ይተዋል፣ ሳይመረምሩ መሥራት አደጋ እንዳለው የሚያውቁ ሰዎች ግን አስቀድመው ያስባሉ የሚል ነበር፤ ጨካኝ መባልንም አልፈራም። ስለዚህ ለዓመታት ከርነሉ ሲወድቅ የሚገኘው ማስረጃ «ኡፕስ» የሚባለው የቁጥሮችና የአድራሻዎች ገጽ ብቻ ሆኖ ቆየ፤ ሰዎች ከስክሪኑ ላይ በእጃቸው ይገለብጡት ወይም በካሜራ ያነሡት ነበር። ቶርቫልድስ ስለ ጥንቃቄ የተናገረው እውነት አለው። ይሁን እንጂ የአንድን ሰው የአሠራር ጠባይ ለሺዎች ሕግ ማድረግ አስተዳደር ሳይሆን ምርጫን መጫን ነው። ከርነሉ ዲበገር የተዋሐደለት በ2008፣ ቅጂ 2.6.26 ላይ ነው። ሰማይም አልተደፋም።

በዚያን ጊዜ ቶርቫልድስን «የዕድሜ ልክ ደግ አምባገነን» እያሉ በፍቅር ይጠሩት ነበር። እኛ ከመጣንበት ታሪክ አንጻር «ደግ» የሚለው ቅጽል ብዙም አያጽናናንም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በጂፒኤል ውል መሠረት ያልተስማማው ሁሉ ኮዱን ከነሙሉ ታሪኩ ይዞ የመውጣትና የራሱን የመመሥረት መብት አለው። ተገዢው አገሩን በኪሱ ይዞ ሊሰደድ በሚችልበት ግዛት አምባገነን መሆን በጣም የተለየ ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ታሪክ ጸሐፊን የሚማርከው ግን የታላቁ ቁልፍ ታሪክ ነው። በ1996 ቅጂ 2.0 ሲወጣ ሊኑክስ ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር ባላቸው ማሽኖች መሥራት ጀመረ። ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድን መረጃ በአንድ ቅጽበት እንዳይነካኩ መላው የተገኘው በቀላል መንገድ ነበር፦ ለከርነሉ በጠቅላላ አንድ ቁልፍ ተደረገለት፤ ቁልፉን የያዘው ይሠራል፣ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል። ለጊዜው በቂ ነበር። ፕሮሰሰሮቹ አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት ሲሆኑ ግን በሩ ላይ የሚቆመው ሰልፍ ረዘመ። በየክፍሉ አነስተኛ ቁልፎችን መሥራት ተጀመረ፤ ታላቁ ቁልፍ ግን አልሞተም። ባለቤቱ ሲያንቀላፋ በራሱ ይለቀቃል፣ ሲነቃ ተመልሶ ይያዛል፤ የያዘው ሰው ደግሞ ደግሞ ሊይዘው ይችላል። በዚህ ጠባዩ የተነሣ ሺህ ቦታ የተጻፈ ኮድ ሳያውቀው ተደግፎበት ነበር። ችግሩ ቁልፉን ማውጣት ሳይሆን ቁልፉ ምን ምን እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነበር፤ የጻፉት ረስተዋል ወይም ሄደዋል፣ ደንቡም የትም አልተጻፈም።

በ2008 ሰማፎር የተባለው ሌላ የመቆለፊያ ዓይነት ቀለል ተደርጎ እንደገና ሲጻፍ በአንድ የፍጥነት መለኪያ 40 በመቶ ያህል ውድቀት ታየ። ሲመረመር ታላቁ ቁልፍ በዚያው ሰማፎር ላይ ተመሥርቶ ተገኘ። ቶርቫልድስ ቁልፉን ወደ ቀድሞው አሠራሩ መለሰው። ያን ጊዜ የሀንጋሪው ተወላጅ ኢንጎ ሞልናር ቁልፉን ከሥሩ ለመንቀል የተለየ የኮድ ቅርንጫፍ ከፈተ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ጀግንነት የሌለበት የሦስት ዓመት ሥራ ነው፦ ፋይል በፋይል፣ «ይህ ቦታ ቁልፉን በእርግጥ ይፈልገዋልን?» እያሉ መመርመር፣ የሚያስፈልገው ካለ የራሱን ትንሽ ቁልፍ መስጠት። በ2011 ቅጂ 2.6.39 ሲወጣ አርንድ በርግማን የመጨረሻውን ቅሪት አስወገደ። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የገባው መላ ዐሥራ አምስት ዓመት ኖሯል። ጊዜያዊ ሲባሉ የኖሩ አዋጆችን የሚያስታውስ አንባቢ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። ቢትኪፐር የግል ኩባንያ ንብረት ነበር፤ ከ2002 ጀምሮ ለከርነሉ ገንቢዎች በነጻ የተሰጠው ተፎካካሪ መሣሪያ እንዳይሠሩ በሚያስገድድ ውል ነው። የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሪው ሪቻርድ ስቶልማን ተቃወመ፤ በክፍት ሥራ እምብርት ላይ የተዘጋ ሣጥን ማስቀመጥ ኋላ ያስጠይቃል ባይ ነበር። የተፈራው ደረሰ። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል ከቢትኪፐር አገልጋይ ጋር የሚነጋገር ፕሮግራም ጻፈ፤ ኩባንያው ተቆጥቶ በኤፕሪል 2005 ነጻውን ቅጂ አነሣ። ትሪጅል በኋላ ሥራውን በጉባኤ ላይ ሲያሳይ ምስጢሩ ቀላል ነበር፦ ከአገልጋዩ ጋር ተገናኝቶ «ሄልፕ» ብሎ ጻፈ፣ አገልጋዩም የሚያውቃቸውን ትእዛዞች ዘረዘረለት።

ቶርቫልድስ በዚያው ወር ጊት የተባለውን የራሱን መዝገብ መጻፍ ጀመረ፤ በጁን 2005 የወጣው 2.6.12 በጊት ተይዞ የወጣ የመጀመሪያው ከርነል ነው። በጊት ውስጥ የእያንዳንዱ ለውጥ መለያ የሚሰላው ከይዘቱና ከቀዳሚው መለያ ነው። ስለዚህ ያለፈውን አንድ ፊደል የነካ ሁሉ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰንሰለት በሙሉ ይለውጣል፣ ቅጂ የያዘ ሁሉም ያውቅበታል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ የከርነሉን ባለቤትነት በፍርድ ቤት ከተከራከረ በኋላ፣ እያንዳንዱ ለውጥ የላኪውን የፊርማ መስመር እንዲይዝ ተወስኖ ነበር። እንዲህ ሆኖ ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚለው ከኮዱ ጋር አብሮ ይጓዛል። ከዚህም የምርመራ ስልት ተወለደ፦ ትላንት የሚሠራው ዛሬ ካልሠራ፣ በመካከሉ ያሉት ለውጦች 10,000 ቢሆኑ እንኳ መካከለኛውን እየፈተኑ ግማሹን በመጣል በ14 ፈተና ወንጀለኛው ይደረስበታል። ኮዱን ጨርሶ የማያውቅ ተጠቃሚም ይህን ሊያደርግ ይችላል።

የዚህ መዝገብ ዋጋ በ2016 «ደርቲ ካው» በተባለው ግድፈት ታየ። ፊል ኦስተር የተባለ ባለሙያ ከተጠቃ አገልጋይ ላይ በመዘገበው የኔትወርክ ትራፊክ ውስጥ አንድ የማጥቂያ ፕሮግራም አገኘ፤ ተራ ተጠቃሚ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ባለው ፋይል ላይ እንዲጽፍ የሚያስችል ነበር። ግድፈቱ ከ2007 ጀምሮ በስንት ሚሊዮን ማሽኖች ውስጥ፣ ለዓለም ሁሉ በተገለጠ ኮድ ላይ ተቀምጧል። ዘጠኝ ዓመት! የሬይመንድ ዐይኖች የት ነበሩ? መልሱን ቶርቫልድስ ራሱ በማረሚያው ላይ ባያያዘው ማስታወሻ ጽፎታል፦ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት እርሱ ራሱ ሊያርመው ሞክሮ በደንብ እንዳላረመው፣ ያም እርማት በኤስ390 የአይቢኤም ማሽኖች ላይ ችግር ስላመጣ እንደተሻረ፣ ያኔ በሐሳብ ብቻ የሚታይ የነበረው አደጋ ከርነሉ ሲሻሻል በተግባር የሚደርስ እንደሆነ፣ የሁለቱንም አሮጌ ለውጦች መለያ ቁጥር ጠቅሶ። ተማሪዎቼ ስለ ባለሥልጣን ማስታወሻ ሲጠይቁኝ የማሳያቸው ይህንን ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም።

መዝገብ ግን ሁሉን አይፈውስም። በ2020 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ተብሎ ስውር ግድፈት የተሸሸገባቸውን ለውጦች በሐሰተኛ ስም በመላክ ገምጋሚዎቹን ፈተኑ። ነገሩ በኤፕሪል 2021 ሲፈነዳ ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣውን ሁሉ አገደ፤ ከ400 የሚበልጡ የቀደሙ ለውጦች እንደገና ተመረመሩ፣ አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ተገኙ፣ ጥናቱም ከጉባኤው ተነሣ። ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ በሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ መሆኑ ያልታያቸው ምሁራን መኖራቸው ለእኛ ለመምህራን የሚያኮራ አይደለም።

በኦክቶበር 2024 ደግሞ ክሮህ-ሃርትማን ከሩሲያ ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ዐሥር ያህል ሰዎችን ከጠባቂዎች ዝርዝር ሰረዘ። የተሰጠው ምክንያት ሕግን ለማክበር ሲባል የሚል ጥቅል ቃል ነበር፤ በቂ ሰነድ ካቀረቡ ሊመለሱ ይችላሉ ተብሎም ተጽፏል፣ ምን ዓይነት ሰነድ እንደሆነ ግን በዚያ ማስታወሻ ላይ አልተብራራም። ቶርቫልድስ ፊንላንዳዊነቱን ጠቅሶ ውሳኔውን ደገፈ። ማዕቀቡ ሕግ ነው፣ ድርጅቶቹም ለሕግ መገዛታቸው አይቀርም፤ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ነጠላ ሰረዝ ማብራሪያ የሚጠይቅ ማኅበር ሰዎችን ሲያሰናብት ግን በሁለት ዐረፍተ ነገር ማለፉ ከራሱ ልማድ በታች ነበር። የተሰናበቱት ሰዎች የጻፏቸው መስመሮች አልተነኩም፤ ከነስማቸውና ከነፊርማቸው ዛሬም እዚያው ከርነሉ ውስጥ ይሠራሉ።