በመንግሥት ውል ሥራዎች ላይ በሰው የመነገድ ወንጀልን መከላከል

መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንደሌሎቹ የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ ወጣቶች የሥራ ወሬ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ከደላላ ነው። «የመንገድ ሥራ አለ፣ ምግብና ማደሪያ በድርጅቱ ነው» ይባላሉ። ፕሮጀክቱ የመንግሥት ነው ሲባል ቤተሰብ በቶሎ ያምናል። ሆኖም የመንግሥት ፕሮጀክት መሆኑ ብቻውን ለሠራተኛው ዋስትና አይሆነውም።

ክፍተቱ የሚፈጠረው የት ነው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውል የሚፈርመው ከዋናው ተቋራጭ ጋር ነው። ተቋራጩ ከሥራው ከፊሉን ለንዑስ ተቋራጭ ይሰጣል፤ እሱም ሠራተኛ እንዲያመጣለት ለካቦ ወይም ለደላላ ይነግራል። ጨረታው ሲታይ ዋጋና ጥራት ይመረመራል፤ ሠራተኛው በማን በኩል እንደመጣና ምን ከፍሎ እንደተቀጠረ ግን የሚጠይቅ ከሌለ ብዝበዛው ከታች ተሸፍኖ ይቀራል።

ብዙውን ጊዜ መነሻው ዕዳ ነው። ደላላው የመጓጓዣና የ«ማስቀጠሪያ» ገንዘብ ያበድራል። ሠራተኛው ሥራ ቦታ ሲደርስ ደመወዙ ለዕዳው ይያዛል፣ መታወቂያው ይወሰድበታል፣ ልሂድ ሲል ይከለከላል። ተራ የቅጥር በደል ወደ ወንጀል የሚሸጋገረው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 በሰው መነገድንና የግዳጅ ሥራን ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ ሰውን በማስገደድ፣ በማታለል ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ ለብዝበዛ መመልመልን፣ ማጓጓዝንና መቀበልን በወንጀል ያስቀጣል። መደበኛው ቅጣት ከ7 እስከ 12 ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን፣ ተጎጂው ሕፃን ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። «ራሱ ተስማምቶ ነው የመጣው» የሚል መከራከሪያ አጥፊውን ነፃ አያወጣውም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ኤጀንሲም ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል አይችልም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

አሜሪካ መንግሥቷ በሚሰጣቸው ውሎች ላይ ይህን ጉዳይ የውሉ አካል አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ መሠረት ተቋራጮችና ንዑስ ተቋራጮች ሠራተኛን የምልመላ ክፍያ ማስከፈል፣ ፓስፖርቱን መያዝና ስለ ሥራው ሐሰት መናገር ተከልክለዋል። ጥፋት ከተገኘ ውሉ እስከ መቋረጥ ይደርሳል። የዓለም ባንክም በሚደግፋቸው ፕሮጀክቶች ላይ የግዳጅ ሥራን ይከለክላል። ትርፉን ሊያጣ እንደሚችል የሚያውቅ ተቋራጭ ከሥሩ ያለውን ደላላ ራሱ ይቆጣጠራል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ውል ሰጪው መሥሪያ ቤት፦
• የምልመላ ወጪን አሠሪው እንደሚሸፍን በውሉ ያስፍር፤
• የንዑስ ተቋራጮችንና የሠራተኞችን ዝርዝር ይጠይቅ፤
• ሠራተኞችን ካቦው በሌለበት ያነጋግር፤
• ክፍያ ከመልቀቁ በፊት ደመወዝ መከፈሉን ያረጋግጥ።

ሥራ ፈላጊውና ቤተሰቡ፦
• የአሠሪውን ድርጅት ስምና የሥራውን ቦታ በትክክል ይወቁ፤
• ለመቀጠር ብለው ገንዘብ አይክፈሉ፣ አይበደሩም፤
• ዋናውን መታወቂያ ለማንም አይስጡ፣ ቅጂው ይበቃል፤
• የውሉን ቅጂ ለቤተሰብ ይተዉ።

በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲሥ አል-ቁድሲ፣ አላህ (ሱ.ወ) በቂያማ ቀን ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች መካከል ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላ፣ እንዲሁም ሠራተኛ ቀጥሮ አሠርቶ ደመወዙን የከለከለ ይገኙበታል። ስለዚህ ተቋራጭ፣ ካቦ ወይም ደላላ የሆነ ሙስሊም ወንድማችን ጉዳዩን የአገር ሕግ ብቻ አድርጎ ሊያየው አይገባም፤ የሰው ሐቅ አለበት።

መታወቂያው የተያዘበት ወይም ከሥራ ቦታ እንዳይወጣ የተከለከለ ዘመድ ያለው ሰው ለፖሊስ፣ ደመወዝ የተከለከለ ደግሞ በአቅራቢያው ላለው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ያመልክት። ሲያመለክት የካቦውን ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ቦታውን ስምና የሄደበትን ቀን ይዞ ቢቀርብ ፍለጋውን ያፋጥነዋል።