ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ኩብ፦ የብሪታንያ ሞፔድና የሕጉ ድንበር

በብሪታንያ እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ 16 ዓመት የሞላው ወጣት እስከ 250 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚደርስ ሞተር ብስክሌት ለመንዳት ይፈቀድለት ነበር። በጎዳና ላይ የሚቀጠፈው የወጣቶች ሕይወት ያሳሰበው መንግሥት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር የዕድሜውን ወሰን ወደ 17 ከፍ አደረገ፤ ለ16 ዓመቱ ልጅ የቀረለትም ሞፔድ ብቻ ሆነ። ሞፔድ ሲባልም የሞተሩ ይዘት ከ50 ሴንቲ ሜትር ኩብ የማይበልጥና በፔዳል ሊነዳ የሚችል ተሽከርካሪ ነበር። ሕጉ ይዘትንና ፔዳልን ወሰነ እንጂ ፍጥነትን አልወሰነም።

ፋብሪካዎች ይህን ክፍተት ለመጠቀም አልዘገዩም። የያማሃው ኤፍ ኤስ 1 ኢ ፔዳል ነበረው፤ ነገር ግን ፔዳሎቹ ተቆልፈው እንደ እግር ማሳረፊያ ያገለግሉ ነበር። ባለ ሁለት ምት ሞተሩ 4.8 የፈረስ ጉልበት ሲያመነጭ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር።

ከትንሽ ይዘት ብዙ ጉልበት የማውጣቱ ዕውቀት በአብዛኛው የመነጨው ከእሽቅድምድም ነው። በምሥራቅ ጀርመን በጾፓው ከተማ ቫልተር ካደን የተባለው መሐንዲስ በ1950ዎቹ ዓመታት የማርሚታውን ቅርጽ አጠና። እየሰፋ የሚሄደው የማርሚታው ክፍል የተቃጠለውን ጋዝ ከሲሊንደሩ ስቦ ያወጣል፤ እየጠበበ የሚሄደው ክፍል ደግሞ የግፊት ሞገድ መልሶ በመላክ ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 የካደን 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኤርንስት ዴግነር ወደ ምዕራብ ኮበለለ፤ በተከታዩም ዓመት በሱዙኪ ላይ ሆኖ የ50 ሴንቲ ሜትር ኩብ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ።

እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 1977 ጀምሮ አዳዲስ ሞፔዶች በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጡ ተደነገገ። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ የዋሉት ግን በቀድሞው ትርጓሜ ጸኑ፤ የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ስለዚህ የአሮጌ ሞፔድ ባለቤት ፔዳሉን ሳያነሣ፣ ይዘቱንም ሳያሳድግ ፍጥነት መጨመር ይችላል፦ በጭስ መውጫው የተጠራቀመውን ጥቀርሻ ያጸዳል፤ የድምፅ ወሰኑን የሚያከብር የተሻለ ማርሚታ ይገጥማል፤ ካርቡሬተሩን ያስተካክላል፤ ለውጡንም ለኢንሹራንስ ኩባንያው ያስታውቃል።

ድንበሩ ግን እጅግ ቀጭን ነው። የኤፍ ኤስ 1 ኢ ሲሊንደር ዲያሜትር 40 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚጓዘው ርቀት 39.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይዘቱ 49.9 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። ያረጀው ሲሊንደር ተቆርጦ በሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ፣ ይዘቱ 50.5 ይደርሳል። ለጥገና ተብሎ የተደረገ ሥራ ሳይታሰብ ተሽከርካሪውን ከሞፔድነት ያስወጣዋል።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ስሌት አለ። ፍጥነት ከ48 ወደ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ፣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል 2.25 እጥፍ ይሆናል። የ1971ዱ ደንብ ይህን ቁጥር አልጠየቀም፤ በዚያ ሞፔድ ላይ የሚቀመጠው ግን ደንቡ ሊጠብቀው የተነሣለት የ16 ዓመት ልጅ ነበር። አሮጌ ሞፔድ ለማፍጠን የሚነሣ ባለሙያም ከማርሚታው በፊት ፍሬኑን ይመርምር።