የትልቁና የትንሹ ቁልል፦ ግራም፣ ሞል፣ ሞለኪውል

36 ግራም ውሃ ስንት ሞል ነው? ኦክስጅን 16፣ ሃይድሮጅን ሁለት ጊዜ 1፣ ድምሩ 18፤ 36ን ለ18 ስናካፍል 2 ሞል። ሞለኪውሉስ? 2ን በአንድ ሞል ውስጥ ባለው የሞለኪውል ብዛት፣ በ6.022×10²³፣ ማባዛት ነው። ስሌቱ እዚህ አለቀ፤ የስሞቹ ነገር ግን ገና መጀመሩ ነው።

«ግራም» ከግሪኩ «ግራፌይን» ይወለዳል፤ መጫር፣ መጻፍ ማለት ነው። «ግራማ» ጽሕፈት፣ ፊደል ነው። ቴሌግራም የዚሁ ዘር ነው። ጽሕፈት እንዴት ክብደት ሆነ? ሮማውያን የወቄታቸውን 24ኛ እጅ «ስክሪፑሉም» ይሉት ነበር፤ ትንሽ ሹል ጠጠር ማለት ነው። በኋላ ጆሮ አሳሳተና «ስክሪፕቱሉም» ተባለ፣ ከ«ስክሪፕቱም» (የተጻፈ) የመጣ መሰለ። ግሪኮቹም «ግራማ» ብለው መለሱት፤ ጠጠሩ ፊደል ሆኖ ቀረ። ፈረንሳዮች በ1795 እ.ኤ.አ. ስሙን ለአዲሱ መስፈሪያቸው ሰጡት። ወርቅ የምንመዝንበት «ወቄት»ም በዐረብኛው «ኡቂያ» በኩል ከላቲኑ «ኡንኪያ» የደረሰን ነው።

የሴም ቋንቋዎች ግን ሲመዝኑ ይሰቅላሉ። የእኛው «ሰቀለ» የዕብራይስጡ «ሻቃል» (መዘነ) ዘመድ ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱሱ «ሰቅል»ና የዛሬው የእስራኤል «ሼቄል» ከዚያ ናቸው። «ሚዛን» ሌላ ታሪክ አለው። በዐረብኛ ሥሩ «ወዘነ» ነው፣ «ሚ» የመሣሪያ ስም መነሻ ብቻ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን «መ» ሥር ውስጥ ገብቶ «መዘነ»፣ «ምዘና» አፈራ። የግዕዙ «ደለወ»ም መዘነ ማለት ነው፤ «አድልዎ» የእርሱ ልጅ ነው፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሚዛን።

አሁን ወደ ላቲኑ «ሞሌስ»። ቁልል፣ ግዙፍ ነገር ነው። የማሳነሻ ቅጥያ ሲጨመርበት «ሞሌኩላ»፣ ትንሽ ቁልል ይሆናል። (ጆሯችን «ሞላ»ንና «አሞሌ»ን ሊያዛምድ ይሞክራል፤ «ሞላ» ግን ከግዕዙ «መልአ» ነው፣ ከላቲኑ ጋር አይገናኝም።) ጣሊያናዊው አቮጋድሮ በ1811 ስለ ሞለኪውሎች ያለውን ሐሳብ ሲያቀርብ የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። የቤተሰቡ ስም ራሱ ከ«አድቮካቱስ»፣ ከጠበቃ የመጣ ነው፤ እርሱም ትምህርቱን የጀመረው በሕግ ነበር።

በጣም የምወደው ቀጥሎ ያለው ነው። በ1890ዎቹ ጀርመናዊው ቪልሄልም ኦስትቫልድ «ሞለኪውል»ን ጅራቱን ቆርጦ «ሞል» አለው። ማሳነሻው ሲወድቅ የቀረው የጥንቱ ትልቅ ቁልል ነው፤ ልጅ እናቱን መልሶ ወለደ። ኦስትቫልድ ደግሞ ለብዙ ዓመታት አተም መኖሩን የማይቀበል ሰው ነበር። ሞል ለእርሱ በግራም የሚመዘን ክምር እንጂ የሚቆጠር ነገር አልነበረም። ቆጠራውን ያጸናው ፈረንሳዊው ዣን ፔረን ነው፤ በ1909 ቁጥሩን በአቮጋድሮ ስም ሰየመው። ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሞል በሕግም ቁጥር ብቻ ነው፦ 6.02214076×10²³።

ይህን ቁጥር በግዕዝ ለመጥራት ብንሞክር፣ ከትልልቅ የቁጥር ስሞቹ አንዱ «እልፍ» ነው። በዕብራይስጥና በዐረብኛ አንድ ሺህ የነበረው ቃል እኛ ዘንድ አሥር ሺህ ሆኗል። አምስት እልፎች እርስ በርስ ቢባዙ 10²⁰ ይሰጣሉ፤ አንድ ሞል ለመሙላት ያንን ከ6 ሺህ ጊዜ በላይ መድገም ያስፈልጋል።