የደም ጋዝ «መደበኛ ልክ» በጣና ዳር፦ ከፍታ የአሲድና ቤዝ ሚዛንን እንዴት ይለውጣል?

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ጠለል 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 610 አካባቢ ይወርዳል። ነዋሪው ልብ ባይለውም ሳንባውና ኩላሊቱ በዚሁ ልክ ተስተካክለው ይሠራሉ። በመሆኑም የጣና ዳር ሕመምተኛን የደም ጋዝ ውጤት በባሕር ጠለል በተቀመጠ መደበኛ ልክ መተርጎም ሊያሳስት ይችላል።

የጤነኛ ሰው የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ሰውነት ግን በቀን 15,000 ሚሊሞል ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል። በትንፋሽ የማይወጣ ሌላ አሲድም በየኪሎ ክብደቱ 1 ሚሊሞል ያህል ይጨመርበታል። ጫናውን የፒኤች ለውጥን የሚገቱ በፈሮች፣ ማለትም ሄሞግሎቢን፣ ሌሎች ፕሮቲኖች፣ ፎስፌትና ባይካርቦኔት ይሸከማሉ። ከሁሉም የሚያስገርመው ባይካርቦኔት ነው። ፒኬኤው (በፈሩ በብርታት የሚሠራበት ፒኤች) 6.1 በመሆኑ ከደም ፒኤች ይርቃል፤ በተዘጋ ጠርሙስ ቢፈተን ደካማ በፈር ነው። በሰውነት ውስጥ ግን ጠርሙሱ በሁለት በኩል ክፍት ነው፦ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በደቂቃዎች ውስጥ ያስወጣል፣ ኩላሊት ባይካርቦኔቱን በቀናት ያስተካክላል። ጉልበቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሄንደርሰን (እ.ኤ.አ. 1908) እና ሃሰልባልክ (1916) የቀመሩት ስሌት እንደሚያሳየው ፒኤችን የሚወስነው የባይካርቦኔቱና የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥምርታ ነው፤ 20 ለ 1 ሲሆን ፒኤች 7.4 ይሆናል።

ከፍታ ላይ ኦክስጅን ሲሳሳ ትንፋሽ ይበረታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ደም ወደ ቤዝ ያጋድላል። ኩላሊት ባይካርቦኔትን በሽንት አስወግዶ ጥምርታውን ይመልሳል። ለምሳሌ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከ40 ወደ 36 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቢወርድ፣ ባይካርቦኔት በሊትር ከ24 ወደ 21.6 ሚሊሞል ሲወርድ ፒኤች ያው 7.4 ነው። ዝቅተኛው ወሰን 22 ነው በሚል ላቦራቶሪ ይህ ጤነኛ ሰው አሲዶሲስ ያለበት ይመስላል። የከፋው ግን ተቃራኒው ነው፦ ሳንባው የታመመ ሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ 40 ሲመጣለት «ደህና ነው» ይባላል፤ ለእርሱ ግን ቁጥሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መታጎር መጀመሩን ሊያመለክት ይችላል።

አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ሲገባ ጉዳዩ ይጠነክራል። ተቅማጥ ባይካርቦኔትን ይዞ ይወጣል፤ አስቀድሞ ዝቅ ካለ ክምችት የሚነሳ ሰው የሚያጣው ትርፍ አነስተኛ ነው። አንድ ሊትር ኦአርኤስ ውስጥ 2.9 ግራም ሲትሬት የሚገባው ሰውነት ወደ ባይካርቦኔት ስለሚለውጠው ነው፤ በቤት የሚበጠበጥ ስኳርና ጨው ይህ የለውም።

የአንዲስን ወይም የቲቤትን ቁጥር መዋስም አያዋጣም። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደም ኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ፣ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን 15.9 ግራም በዴሲሊትር ነበር። ይህ በባሕር ጠለል ከሚለካው ክልል አይወጣም፤ የአንዲስ ነዋሪ ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል፣ የቲቤቱ ደግሞ የኦክስጅን ሙሌቱ ይቀንሳል። የአገራችን ደጋ ነዋሪ የራሱ መንገድ ካለው የራሱ መለኪያም ያስፈልገዋል።

ከመሣሪያው መመሪያ የተገለበጠ ወሰን የሚጠቀሙ ላቦራቶሪዎች ጤነኛ የከተማዋን ነዋሪዎች ለክተው ወሰናቸውን ያርሙ። ሥራው ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ለጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የሚመጥን ነው፤ ሐኪሙም «መደበኛ» የሚለውን ቃል ከማመኑ በፊት ፒኤቹንና ጥምርታውን ይመልከት።