ጽዳት ማን ናት?

«ጽዳቷን ጥሯትና ትወልውለው።» ይህን በሥራ ዘመኔ ስንቴ እንደ ሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። አንድ ቀን ግን በመምህራን ስብሰባ መካከል ሻይ ፈሰሰና አንዱ ባልደረባችን ይችኑ ሲል የሰዋስው ልክፍቴ ተነሣብኝ። ጽዳት የድርጊት ስም አይደለም እንዴ? መቼ ሰው ሆኖ ባልዲ ተሸከመ?

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። «ጸዳ» የምንለው ግስ ከግእዙ «ጸዐዳ» ጋር ዘመድ ነው፤ ጸዐዳ ማለት ነጭ። ትግርኛ ዛሬም ነጩን «ጻዕዳ» ይለዋል፤ በምሥራቅ ትግራይ ያለችው ጸዐዳ እምባም ነጭ ተራራ ማለት ናት። (በየግድግዳው «ፅዳት» እያላችሁ የምትጽፉ፣ የጥንቱ ፊደል በጸሎቱ «ጸ» ነው። አልቆጣም፤ ለምጄዋለሁ።)

ነጭና ጽዱ የተዛመዱት በፍልስፍና አይመስለኝም፤ በልብስ ነው። ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢው ጥጥ ነው፤ ነጭ ጥጥ ደግሞ እድፍ አይደብቅም። ያን ንጣት ለማቆየት ወንዝ መውረድና እንዶድ መውቀጥ ግድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ፣ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፤ የፋብሪካ ሳሙና እስኪለመድ ድረስ የአገሬው ሳሙና እሱ ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየውም በዚሁ እንዶድ ሰበብ ነው። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል አሳየ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙበት። ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው ያጥቡ የነበሩትን ሰዎች ስም ግን ማን ያስታውሰዋል?

«ንጹሕ» ሌላ ነው። እሱ የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ ከልብና ከኅሊና ጋር ነው ያደገው። ተከሳሽ «እጄ ንጹሕ ነው» ቢል ወንጀል አልሠራሁም ማለቱ ነው። «እጄ ጽዱ ነው» ቢል ግን ዳኛው «ምሳ አልቀረበልህም» ሳይሉት አይቀሩም። ንጹሕ ወደ ነፍስ ወጣ፤ ጽዳት ከመጥረጊያውና ከውሃው ጋር ታች ቀረ። ይባስ ብሎ «ሽንት ቤት» ማለት ያሳፈረን ጊዜ «መጸዳጃ ቤት» ያልነው ከዚሁ ግስ አበጅተን ነው።

ከሁሉ የሚዘገንነኝ ግን «ዘር ማጽዳት» ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የባልካን ጦርነት ዜና ዓለምን ያስለመደው የገዳዮች አነጋገር ነው፤ እኛም ቃል በቃል ገልብጠን ያዝነው። የገዳዩን ቃል ስንዋስ የሞተውን ሰው እድፍ አደረግነው። ስለዚህ በአንዱ ዜና «ንጹሐን» ብለን የምናለቅስላቸው ሰዎች በሌላው ዜና «ጸዱ» ይባላሉ። በዚህስ ቋንቋችን ራሱ አፍሮብን ይሆናል።

ወደ ሻዩ ልመለስ። የጥንቱ ቤት «ጠራጊ» ነበረው፤ ጠራጊ ሰው ነው፣ ግሱም የሱ ነው። የመሥሪያ ቤት መዋቅር መጣና «የጽዳት ሠራተኛ» አለ፤ ምላሳችን ሰነፈና «ሠራተኛ» የምትለዋን ቆርጦ ጣለ። ዘበኛውም «ጥበቃው» የሆነው እንዲሁ ነው። ሥራ አስኪያጁን ግን አሳጥሮ «ሥራው መጣ» የሚል እስካሁን አልገጠመኝም። ማሳጠር የሚቀናን ከታች ላለው ነው።

የዚያን ዕለት ሴትየዋ መጣች፤ ወለወለች፤ አንዱ በጣቱ እየጠቆመ «ጽዳት፣ እዚህም ጋ» አላት፤ እዚያም ጋ ወለወለች። እኔም ዝም አልኩ። በማግስቱ ኮሪደር ላይ አግኝቼ ስሟን ጠየቅኳት። ሰባት ዓመት ተላልፈናል። ደንገጥ ብላ ነገረችኝ። የኔን ስም አልጠየቀችኝም፤ በሬ ላይ ተጽፏል፣ በየሳምንቱ አቧራውን የምታነሣለትም እሷ ናት።